መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?

እንግዳው ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። እግሮቹ የታችኞቹ ደረጃዎች ላይ እንደተሰቀሉ ቀርተዋል። ከራስጌው አንድ በጨርቅ የተሸፈነ የነሐስ ሰሌዳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው የራሱ መታሰቢያ ይመስላል። ሰሌዳው ግን የአያቱ ነበር። ረፋዱ ላይ በጭብጨባ ታጅቦ ከቤቱ በር በላይ ሊሰቀል የተዘጋጀ ሲሆን፣ «በክፉው ዘመን የዚህ ቤት ጌታ ተሳዳጆችን በፎቁ ስውር ክፍል ሸሽጎ ከሞት አተረፈ» የሚል ተቀርጾበታል።

ሟቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ይህንን ሊያይ ነው። «ሥርዎን ይፈልጉ» በሚል የጉዞ ጥቅል ከልጁ ጋር የመጣ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነበር። ጥቅሉ በመጀመሪያ ታሪክ፣ ቀጥሎ የሕንጻ ጥበብ፣ በመጨረሻም ዘመድ ያሳያል። ዘመድ ከምሳ በኋላ ነው፤ ፎቶ ማንሳትንም ይጨምራል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ፊት አየች። የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ወሬ ሲነፋባት ዱቄቱ ያልፍና እንክርዳዱ እሷ ዘንድ ይቀራል። እሷም የምትፈልገው እንክርዳዱን ነው።

«ዓይኑን የከደነው ማነው?» አለች።

ከኋላዋ የቆመው የቅርስ ቢሮ ኃላፊ ሰዓቱን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ አይደለም እንዴ? ደረጃዋ ጣለችው። ድንገተኛ አደጋ ብለው ይጻፉልንና እኛም ወደ መርሐ ግብራችን እንግባ። ወንበሩ በኪራይ ነው የመጣው።»

«ሟቹስ?»

«የሕሊና ጸሎት እንጨምርለታለን» አለ ኃላፊው፣ ቸርነቱ ለራሱም እየተሰማው።

«የትኛዋ ደረጃ ናት የጣለችው?»

ይህን ሲሰማ አስጎብኚው ከግድግዳው ተላቅቆ ወደ ፊት መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዣንጥላውን እንደ ባንዲራ የሚይዝ ጎረምሳ ነው። ሬሳ አጠገብ መቆሙን ለአፍታ ረሳና ድምፁ የሥራ ድምፅ ሆነ።

«ከመሃል ከፍ ብላ የምትታየው፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ‹ሌባ ጣይ› ትባላለች! የጥንት ግንበኞች ሆን ብለው ከሌሎቹ አስበልጠው የሠሯት ናት። ባለቤት እግሩን አንሥቶ ያልፋታል። ሌባ ግን በጨለማ ሲመጣ…»

«ሌባ ነበር እንዴ?» አለች ወንፊት።

አስጎብኚው ዣንጥላውን አወረደ።

ከደረጃው አጠገብ የሳሎኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እዚያ፣ ከፍ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ የቤቱ እመቤት ተቀምጠዋል። የሟቹ አክስት፣ ሰሌዳው የተሠራለት ሰው ልጅ ናቸው። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ ከዘራቸው በጉልበታቸው መሃል ቆሟል። ወንፊት ስትገባ እንደ ጨዋ ሰው ለመነሣት ያህል ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«ኧረ አይነሱብኝ፣ እማማ! በሞቴ!» አለች ወንፊት ፈጠን ብላ።

«እሺ ልጄ» አሉና ከዘራቸውን ለቀቅ አደረጉ። «የወንድሜን ልጅ አገኘሁት ስል ወደቀብኝ።»

ኃላፊው ተከትሎ ገባ፤ እሱም «አይነሱ፣ አይነሱ!» አለ። አስጎብኚውም አለ። ከእሷ ጋር የመጣው ፖሊስም ቆቡን አውልቆ አለ። ከወንፊት በኋላ ሦስት ሰው ሲገባ ሦስት ጊዜ ሊነሱ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜም በክብር ተከለከሉ።

ወንፊት ወደ ቤቱ መግቢያ ተመልሳ፣ ከአሮጊቷ በቀር ሁሉም ወደ ግቢው እንዲወጡና አንድ በአንድ እንዲገቡላት አዘዘች። ቅድሚያ የጠራችው የአሮጊቷን ልጅ ነው። ጎልማሳው ከወገቡ በማይለይ የቁልፍ ዘለላ ምክንያት ሰፈሩ «ባለቁልፉ» ይለዋል። ቤቱን ለጎብኚ የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ሰሌዳው ከተሰቀለ የቤተ መዘክሩ ኃላፊ እንደሚባል ቃል ተገብቶለታል።

«ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። እናቴን ላስወጣት ስገባ…» ቁልፎቹ እጁ ላይ ተንጫጩ። «የአክስቴ፣ የአጎቴ… ምን እንደምለው እንኳ ገና አልለመድኩም ነበር። ወንድሜ ልበለው።»

«ሲወድቅ ማንም አልሰማም?»

«እንዴት ይሰማል? ግቢው ውስጥ ድምፅ ማጉያ እየሞከሩ ነበር። ‹አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት› ሲሉ ቤቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ፎቁ ቢወርድም አንሰማም።»

«ሁላችሁም ግቢ ነበራችሁ?»

«ገባ ወጣ እንላለን። እኔ ለኤሌክትሪክ ገመድ ገብቻለሁ። አስጎብኚው ለዣንጥላው። ልጅቷ ለስልኳ። ማን መቼ እንደገባ ማን ያየዋል?»

«እናትዎስ?»

«እናቴማ ወንበሯ ላይ። ጉልበቷ ከከዳት ዓመታት ሆኑ፤ ፎቁን በወሬ ነው የምታውቀው። ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር በእኔ ክንድ ነው የምትሄደው።»

«ደረጃውን ዛሬ ጠርገውታል?»

ጥያቄው ግራ አጋባው። «አልጠረግኩም። ትናንት ግድግዳውን ኖራ ሲቀቡት ዱቄቱ ሁሉ ረግፎበታል። እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ልጠርገው ነበር። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለች ወንፊት። ባልደረቦቿ ይህቺን «እንዲያው ነው» ሲሰሙ አንድ ሰው እንደሚታሰር ያውቃሉ።

አስጎብኚው ሲገባ ላቡን እየጠረገ ነበር።

«ከሟቹ ጋር ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«መጣላት ትይዋለሽ እንዴ፣ ኢንስፔክተር? በሰው ፊት ‹ይሄ ውሸት ነው› አለኝ። እኔ ታሪክ እየነገርኩ! ስውሩ ክፍል ጋ ቆመን፣ ሰዎቹ እንዴት እንደተረፉ ሳስረዳ፣ ‹ከየት ሰማኸው?› ይለኛል። ከየት እሰማለሁ? ከዚህ በፊት ከተናገርኩት ነዋ!»

«ታሪክህን ራስህ ፈጥረኸዋል ማለት ነው?»

«አልፈጠርኩም። አሮጊቷ የሚሉትን ነው የምለው። ትንሽ አሳምሬ።» ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፦ «እሳቸው አራት ሰዎች ነበሩ ነው የሚሉት። እኔ አሥራ አራት አድርጌያቸዋለሁ። ለአራት ሰው ማን አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣል?»

«እንግዳው ከአክስቱ ጋር ብቻውን ተቀምጦ ያውቃል?»

«የት ጊዜ አለ? ዘመድ የመገናኛ ሰዓቱ አጭር ነው። እኔ ደግሞ ማስተርጎሙ፣ ፎቶው፣ ማስረዳቱ…»

«ቋንቋውን ያውቅ አልነበረም እንዴ?»

«ያውቃል» አለ አስጎብኚው አፍሮ። «ግን ማስተርጎም ጥቅሉ ውስጥ ተካቷል።»

ሦስተኛዋ የሟቹ ልጅ ነበረች። ጂንስ ሱሪ የለበሰች፣ ፀጉሯን በአጭር የተቆረጠች ወጣት ናት። ቋንቋውን ያስተማራት አያቷ ስለሆነ ንግግሯ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ንግግር ነው። አፏን ስትከፍት ሰዎች ዘወር ብለው ከኋላዋ አዛውንት ይፈልጋሉ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» አለች፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «አባቴን ደረጃ ጣለው የሚሉት ሰዎች እግዜር ይይላቸው። ያቺን ደረጃ አባቴ ሳይወለድ ያውቃታል።»

«እንዴት?»

«አያቴ ከዚህ ቤት በጉብዝናው ወጥቶ አልተመለሰም። ግን በባዕድ አገር፣ በተከራየነው ቤት ደረጃ ላይ፣ እኔንም አባቴንም ያጫውተን ነበር። መሃል ላይ ስንደርስ ‹እግርህን አንሣ፣ ሌባ ካልሆንክ!› ይላል። ሁላችንም እናነሣለን። እኔ እስከ ዛሬ የትም ደረጃ ስወጣ መሃሉ ላይ እግሬን አነሣለሁ። ጓደኞቼ ይሥቁብኛል።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እዚህ የመጣን ቀን ይሄ ዣንጥላ ተሸካሚ ‹ተጠን…› ሲል አባቴ ሳያያት ተሻግሯት አለፈ። አክስታችን ከታች ሆነው አይተውት እንባቸው መጣ። ‹የወንድሜ እግር› አሉ።»

«ሌላ ማን አየ?»

«ዣንጥላውም አይቷል። ‹ተሰናከለ› ማለት ስለሚቀል ነው እንጂ። እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። አባቴን ወደ እናቴ ይዤው ስመለስ ‹በአባቱ ቤት እንደ ሌባ ወድቆ ሞተ› የሚል ወረቀት አታስይዥኝ።»

ወንፊት ልመናዋን ጻፈችው። «አባትሽ እዚህ የመጣው ቤቱን ለማየት ብቻ ነው?»

ልጅቷ ወደ ሳሎኑ በር አየች። «የሟች አደራ ነበረበት። ለአክስቱ የሚነግራቸው ነገር። አጠገባቸው በተቀመጠ ቁጥር ይሄ ዣንጥላ ተሸካሚ ማስረዳት ይጀምራል። ዛሬ ጠዋት ግን ‹እነግራቸዋለሁ፤ ስነግራቸው እጠራሻለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«አደራው ምንድን ነው?»

«እሳቸው ሳይሰሙት ለሌላ ሰው አልነግርም። አያቴ እንደዚያ አላሳደገኝም።»

ወንፊት አልጫነቻትም። ወደ ሬሳው ተመለሰችና ካልሲውን ዝቅ አደረገች። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ በፊት በኩል፣ ቀስት የመሰለ ቀጭን የበለዘ ምልክት አለ። ቀጥሎ የቀኝ እጁን ጣቶች አየች። ጥፍሮቹ ሥር ነጭ፣ የሚጣበቅ ነገር ተሸጉጧል። አሸተተችው። ኖራ አይደለም፤ ስቱኮ ነው። ቀለም ቀቢ በር ላይ ቀዳዳ የሚደፍንበት፣ ገና በቅጡ ያልደረቀ።

ከዚያ ደረጃውን ጠርዝ ጠርዙን ይዛ ወጣች። በግራም በቀኝም የኖራው ዱቄት እንደ ረገፈ አለ። መሃል መሃሉ ግን ከላይ እስከ ታች ተወልውሏል። መጥረጊያ የጠረገው አይመስልም፤ መጥረጊያ ጥግ ይገባል። ሰውየው ሲወድቅ ነው እንዳትል፣ ሰው ሲወድቅ እየዘለለ ነው እንጂ እያንዳንዷን ደረጃ እየወለወለ አይደለም። ከታች ካሉት ደረጃዎች በአንዷ ላይ የሟቹ ደም ጠብ ብሏል። ጠብታዋ ክብ አልነበረችም። አንድ ጨርቅ ወደ ታች ጎትቷታል።

ሌባ ጣይን እግሯን አንሥታ ተሻገረች። ከዚያም በላይ፣ በደረጃው አናት ላይ፣ የሟቹን የተሰበረ የመነጽር ብርጭቆ አገኘች።

ስውሩ ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። መስኮት የለውም። በሩ ወፍራም ጣውላ ነው። ከውጭ በኩል፣ በእጅ ቁመት፣ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፍነው ቀለም ተቀብተዋል። አንደኛው በጥፍር ተፍቆ ተከፍቷል። በትይዩው የበሩ መቃን ላይ የመቀርቀሪያ ምላስ የሚገባበት ጎድጓዳ አለ። ወንፊት ወደ ውስጥ ገባችና በሩን ከውስጥ በኩል በመዳፏ ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው። መቀርቀሪያ ተመቶበት አያውቅም።

ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቶሎ ወጣች።

ሬሳው ሲነሣ በቤቱ ያለ ሁሉ ቆሞ ሸኘው። አሮጊቷ ብቻ እንደተቀመጡ አንገታቸውን ደፉ። ማንም አልታዘባቸውም፤ እንዲያውም ልጃቸው ትከሻቸውን ደገፋቸው። ከዚህ በኋላ ወንፊት ሁሉንም ወደ ሳሎኑ ጠራች። ባለቁልፉ ከእናቱ ወንበር ጀርባ ቆመ። አስጎብኚው መስኮቱን ተጠጋ። ልጅቷ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

«አጭር ይሁን፣ ኢንስፔክተር። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው።»

«አጭር ነው» አለች ወንፊት። «እንግዳው በሌባ ጣይ አልተሰናከለም። በመጀመሪያ ያውቃታል። ሁለተኛ፣ መነጽሩ የተሰበረው ከእሷ በላይ፣ የደረጃው አናት ላይ ነው። ሰው ከመሰናከሉ በፊት መነጽሩ አይሰበርም። ስለዚህ ገና የመጀመሪያውን እርምጃ ሲወርድ ነው የወደቀው።»

«ተገፍትሮ?» አለ አስጎብኚው።

«ተጠልፎ። እግሩ ላይ ያለው ምልክት ከፊት በኩል ነው፤ የቆልማማ እጀታ ቅርጽ አለው። አንድ ሰው ከኋላው ሆኖ፣ ዝቅ ብሎ፣ እግሩን ቆልምሞ ወደ ኋላ ስቦታል።»

ሁሉም የአስጎብኚውን ዣንጥላ አዩ። እጀታው ቆልማማ ነው። አስጎብኚው ዣንጥላውን እንደ እባብ ወረወረው።

«እኔ አይደለሁም! ‹ውሸታም› ስላለኝ ሰው እገድላለሁ? በየቀኑ እኮ እባላለሁ!»

«አምኜሃለሁ» አለች። «እጀታህ ወፍራም ነው፤ ምልክቱ ቀጭን። ወደ ምክንያቱ እንሂድ። ሟቹ ከመሞቱ በፊት የስውሩን ክፍል በር በጥፍሩ ፍቋል። ስቱኮው ጥፍሩ ሥር አለ። ከሥሩ የተደበቀው የመቀርቀሪያ ቀዳዳ ነው። ክቡር ኃላፊ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሳይመለከቱ ያስታውሱታል?»

«‹ተሳዳጆችን ሸሽጎ…›»

«የተሸሸገ ሰው በሩን ከየት በኩል ይዘጋል?»

ኃላፊው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

«ከውስጥ» አለች ልጅቷ ከወለሉ ላይ ሆና።

«ከውስጥ። ያ በር ግን ከውስጥ መቀርቀሪያ ኖሮት አያውቅም። የነበረው በውጭ በኩል ነው። ከውጭ የሚቀረቀርበት ሰው እንግዳ አይደለም፤ እስረኛ ነው። ሰዎቹ በዚያ ክፍል ገብተዋል። አልተረፉም። ተቆልፎባቸው ለአሳዳጆቻቸው ተሰጥተዋል።» ወደ ባለቁልፉ ዞረች። «ቀዳዳውን የደፈኑት እርስዎ ነዎት?»

«ለማሳመር ነው። ለበዓሉ።»

«ማን ድፈነው አለዎት?»

ባለቁልፉ የእናቱን ወንበር ጀርባ ጨበጠ። የወገቡ ቁልፎች ብቻ ጮኹ።

«እሺ፣ ይቅር። ደረጃውን እንመልከት። መሃሉ ተወልውሏል፤ ግን ማንም አልጠረገውም። የደሙ ጠብታ ወደ ታች ተጎትቷል፤ ስለዚህ የወለወለው ከሟቹ በኋላ ነው የወረደው። በእግሩ የሚወርድ ሰው ዱቄት ላይ ዱካ ይጥላል እንጂ አይወለውልም። የሚወለውለው፣ ጉልበቱ ስለማያስችለው ተቀምጦ፣ ከአንዷ ደረጃ ወደ ሌላዋ እየተንሸራተተ የሚወርድ ሰው ነው። ታች ሲደርስም ሬሳውን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ዓይኑን ከደነለት። ጠላት እንዲያ አያደርግም። ሥጋ ዘመድ ነው።»

ግቢው ውስጥ ድምፅ ማጉያው «አንድ ሁለት» አለ።

«የኔ ስህተት ነው» አለች ወንፊት። «እዚህ ቤት ገብቼ መጀመሪያ የተናገርኩት ‹አይነሱብኝ› ነበር። ከእኔ በኋላ የገባ ሁሉ ያንኑ አለ። ሬሳ ሲወጣ እንኳ ሁላችንም ቆመን እሳቸውን አልጠበቅናቸውም። እንዲህ ያለ ምስክር የት ይገኛል? ጨዋነታችንን ሁሉ ለጠበቃ አቁመንላቸው ዋልን።» ከአሮጊቷ ፊት ሄዳ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እስቲ ይነሱ።»

«እናቴን ነው?» ባለቁልፉ ጮኸ። «የሰማንያ ዓመት ሰው ተነሺ ትያታለሽ? እናት የለሽም?»

«ነውር ነው!» አለ ኃላፊው፤ በዕለቱ ከልቡ የተናገራት ብቸኛ ቃል ነበረች።

«ተዉአት» አሉ አሮጊቷ።

ከዘራቸውን ተደግፈው በራሳቸው ተነሱ። ቆይተው ቆሙ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ዞሩ። የጥቁሩ ቀሚስ ኋላ ከወገብ በታች በኖራ ነጥቷል፤ ከነጩም መሃል አንድ የደረቀ ቡናማ ጠብታ አለ።

ባለቁልፉ ዓይኑን ጨፈነ።

«አንተ አታውቅም» አሉት ሳይዞሩ። «ድፈን አልኩህ፣ ደፈንክ። ልጅ እንዲያ ነው። ልጅ የታዘዘውን ያደርጋል።» ከዘራቸውን አዩት። «እኔም ታዝዤ ነው። አባቴ ‹ሂጂና መቀርቀሪያውን ግፊው› አለኝ። ቁመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰልኝ ያን ቀን ነው። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! ከውስጥ ሴትየዋ ‹እግዜር ያሳድግሽ› አለችኝ፤ ከአሳዳጆቹ የምጠብቃቸው መስሏት። ለእኔም መስሎኝ። ወንድሜ ደረጃው ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ሰዎቹ ሲመጡ፣ በሩ ሲከፈት… እሱ ከቤት ወጥቶ ሄደ። እኔ ቀረሁ። የቀረ ሰው ምን ያድርግ? ‹አባቴ ሰው አትርፏል› አልኩ። አንድ ጊዜ ካልክ በኋላ ዕድሜ ልክህን ማለት ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ምን ሆነ?» አለች ወንፊት።

«ሁሉም ግቢ ወጥተው ሳሉ ከላይ በር ሲፋቅ ሰማሁ። ሌላ ድምፅ ላይሰማኝ ይችላል፤ ያ በር ግን ይሰማኛል። እየተቀመጥኩ፣ እየተነሳሁ ወጣሁ። ጥፍሩ ነጭ ሆኗል። ‹አክስቴ፣ የአባቴ ቃል አለብኝ፤ ዛሬ ሳልናገር አልሄድም፤ መጣሁ› አለኝና ወደ ደረጃው ዞረ። ታች ደግሞ ማጉያው ተዘጋጅቷል። ሕዝቡ ሊመጣ ነው።» የከዘራቸውን ቀጭን ቆልማማ እጀታ በመዳፋቸው ዳበሱት። «እንዳይሄድ ነበር የያዝኩት። እንዳይሄድ ብቻ።»

ልጅቷ ከወለሉ ተነሳች። ስትናገር የሟች ወንድማቸው ድምፅ ከመቃብር የመጣ ይመስል አሮጊቷ ደነገጡ።

«ሊጠራኝ ነበር የሚወርደው።»

«ምን?»

«‹ስነግራቸው እጠራሻለሁ› ብሎኝ ነበር። ሊጠራኝ ነበር። አያቴ ሲሞት አባቴን እጁን ይዞ ምን እንዳለው ያውቃሉ፣ እማማ? ‹እህቴን አግኛት። ልጅ ነበርሽ፣ አንቺ አልነበርሽም በላት። ጥያት ስለወጣሁ ይቅር ትበለኝ በላት።› ይኸው ነው አደራው። አባቴ በሩን የፈቀው እውነት መሆኑን በዓይኑ ሳያይ ይቅርታ ማድረስ ስላልፈለገ ነው። ለሕንጻው አልመጣንም። ለታሪኩም አልመጣንም።» «ያቺን አንዲት ቃል ልንነግርዎ ከመጣን ጊዜ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ያለ ሰው አልነበረም።»

አስጎብኚው የወረወረውን ዣንጥላ ከወለሉ አንሥቶ ከጀርባው ደበቀው።

አሮጊቷ ወደ ወንበራቸው ሊመለሱ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አሉ። በዚህ ጊዜ ማንም «ቁጭ ይበሉ» አላላቸውም። ቆመው ቀሩ።

ወንፊት ለልጅቷ ያስያዘቻት ወረቀት ላይ «ደረጃዋን ያውቃት ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። አለቃዋ ለምርመራው አላስፈላጊ ነው ብሎ ሊሰርዘው ሲል እምቢ አለችው።

ሰሌዳው ተሰቀለ። ነሐስ አንዴ ከተቀረጸ አይሰረዝም፤ ለሌላ ደግሞ በጀት የለም። አሮጊቷ ፍርድ ሳይጠብቁ ሞቱ። ባለቁልፉ የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ተባለ፤ ቁልፎቹን ግን ለዘበኛው ሰጥቶ ፎቁን አይወጣም።

አንድ ቀን ወንፊት በዚያ ስታልፍ አውቶቡስ ቆሞ አየችና ገባች። አስጎብኚው ጎብኚዎቹን ደረጃው አናት ላይ ሰብስቦ የእንግዳውን አወዳደቅ በዣንጥላው እያሳየ ነው። ከዚያ ወደ ስውሩ ክፍል ወሰዳቸው። በሩ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ መቀርቀሪያ ተመትቷል።

«የድሮውን አስመስለን ያሠራነው ነው» አለ በኩራት። «መንካት ይቻላል።»

አንድ ቦርጫም ጎብኚ እየሣቀ ወደ ጨለማው ገባና ከውስጥ ሚስቱን ጠራት።

«ነይ፣ ዝጊብኝና በሩን ፎቶ አንሺው!»

ሚስቱ ስልኳን ደግና መቀርቀሪያውን ገፋችው። በዘይት የታሸ ስለሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ይገፋዋል።